ለኪሮሽ ቢራቢሮ ሩብ ገጽ ስጡን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ የማነበው የአንባቢያን ደብዳቤ ነው፤ ዛሬ እኔም ልጻፍ አልኩ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ማስረዳቱ ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የእጅ ሥራ ዓምድ ክፈቱልን። በየሳምንቱ ባይሆን በወር አንዴ ይሁን። ሙሉ ገጽ ባይሆን ሩብ ገጽ ይበቃናል። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአማርኛ፣ ከነሥዕሉ የሚወጣበት ቦታ ነው የምጠይቃችሁ። የምግብ አሠራር ታወጣላችሁ፣ የጤና ምክር ታወጣላችሁ፣ ስለ መኪና ጎማ እንኳ ጽፋችሁ አንብቤያለሁ። ክርና ኪሮሽ ግን ተረስቷል።

ባዶ እጄን አልመጣሁም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ራሴ አዘጋጅቼ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። በኪሮሽ የምትሠራ ትንሽ ጌጥ ናት፣ መዳፍ የማትሞላ ቢራቢሮ። እሷን የመረጥኩት ቶሎ ስለምታልቅ ነው። አዲስ ጀማሪ በአልጋ ልብስ ከጀመረ ሳይጨርሰው ይሰለቸውና ክሩን ከነኪሮሹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል። ቢራቢሮዋ ግን ከምሳ በኋላ ተጀምራ ቡናው ሳይነሣ ልታልቅ ትችላለች። ያለቀ ነገር በእጁ ያየ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን እንዲጀምር ማንም አይለምነውም።

ዳንቴል የሌለበት ቤት እኮ አልነበረም። በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ በቡፌው ላይ፣ በሬዲዮው ላይ፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ላይ ይነጠፋል። ዙሪያውን ዶቃ የተንጠለጠለበት የጆግ መክደኛስ ትዝ ይላችኋል? ዶቃው ለማማር ብቻ አልነበረም። ክብደቱ ዳንቴሉን ወደ ታች ይዞ ነፋስ እንዳያነሣው፣ ዝንብም እንዳይገባ ያደርጋል። ይህን ሁሉ የሠሩት እናቶቻችን፣ አክስቶቻችንና ታላላቅ እህቶቻችን ናቸው። እኔ የማውቃቸው ሴቶች አሠራሩን ከወረቀት አላነበቡም። የጎረቤት ዳንቴል ይዋሳሉ፣ መስኮት ላይ በብርሃን ይዘረጉታል፣ ቀዳዳውን እየቆጠሩ ይገለብጡታል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው፣ ማንም አያቃልለው።

ግን መዘዝ አለው። ናሙናው ሲጠፋ ወይም ባለሙያዋ ስታርፍ አሠራሩም አብሮ ይሄዳል። እናቴ የሠራችው፣ ጠርዙ ላይ የወይን ዘለላ ያለው አንድ የጠረጴዛ ልብስ እኔ ዘንድ አለ። ዘለላውን ከየት እንደጀመረችው እኔም እህቶቼም አናውቅም። ፈትቼ ልይ ብል ይፈርሳል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጆቿ ይሠሩት ነበር።

አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ይህን የምጽፈው ከልቤ ደስ እያለኝ ነው። ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ አሻንጉሊት፣ የአበባ እቅፍ ሳይቀር በኪሮሽ እየሠሩ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣሉ። በበዓል ሰሞን ባዛር ላይም አይጠፉም። ወንዶችም እየገቡበት ነው፣ ጎበዝ ብያለሁ። የሚማሩት ግን ከቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮውም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በቱርክኛ፣ በሩሲያኛ ወይም በስፓኒሽ ነው። ቪዲዮ ክፉ ነው አልልም፤ እጅ ሲንቀሳቀስ እንደማየት ያለ ነገር የለም። ችግሩ ሁለቱም እጅ በክርና በኪሮሽ ተይዞ ስልክ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ እንደገና ማጫወት ነው። በዚያ ላይ ዳታው ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪው ይወርዳል። ጎረቤቴ ያለች አንዲት ተማሪ አንድ ዙር ለመጨረስ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንደምታቆመው አይቻለሁ። በመሐል ቁጥሩ ይጠፋባትና ትፈታዋለች። የምትሠራው ልጅ ጎበዝ ናት፣ የቸገራት የሚረዳት ጽሑፍ ነው።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ላንብብ ብትልም ሌላ ጣጣ ይጠብቃታል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ጽሑፎች በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ነገር ይጠራሉ፤ አሜሪካኖቹ ደብል ክሮሼ የሚሉትን እንግሊዞቹ ትሬብል ይሉታል፣ የእንግሊዞቹ ደብል ክሮሼ ደግሞ አጭሩ ነው። ይህን ያላወቀች ልጅ ክንፉ አጥሮ ይወጣባታል፣ ጥፋቱም የራሷ ይመስላታል።

ጋዜጣ ግን ጭን ላይ ይዘረጋል። በመቀስ ተቆርጦ ክር መያዣው ውስጥ ይቀመጣል። የደረሱበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ለጎረቤት ይዋሳል፤ ክፍለ ሀገር ላለች እህት በመልእክተኛ ይላካል። ኢንተርኔት የማይደርስበት ቦታም ይደርሳል።

ትንንሽ ነገር መሥራት ለኑሮ ምን ይጠቅማል የሚለኝ አይጠፋም። ስለ አየርላንድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ ሰብሉን አጥፍቶ ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት ዘመን፣ በኮርክ በኩል ያሉ መነኮሳት፣ በሞናሃን አውራጃ ክሎንስ በምትባል ከተማ ደግሞ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ባለቤት፣ ድሆች ሴቶችን ኪሮሽ አስተማሩ። ብዙ ቤተሰብ ከሞት የተረፈው በዚያ ሥራ ገቢ ነው። አሠራራቸው በጣም ይገርመኛል። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠል፣ ሌላዋ የወይን ዘለላ፤ መጨረሻ ላይ ቁርጥራጩ ተሰብስቦ በቀጭን መረብ ይያያዝና ትልቅ ልብስ ወይም አንገትጌ ይሆናል። እያንዳንዷ ሴት ሙሉውን ልብስ መሥራት አልነበረባትም። የራሷን አንድ ቁራጭ አሳምራ ብትሠራ በቂ ነበር። የአይሪሽ ኪሮሽ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ይኸው ነው። እናቴ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ያለው ያ የወይን ዘለላም ዘሩ ከዚያ የመጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንግዲህ ወደ ቢራቢሮዋ። ከዚህ በታች ያለውን እንዳለ ብታትሙት ደስ ይለኛል።

ቀጭን የጥጥ ክርና ባለ 2 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያዙ። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እጀታው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወፈር ያለ የሹራብ ክር ከሆነ ያላችሁ ኪሮሹ 3.5 ወይም 4 ይሁን፣ ቢራቢሮዋም ተለቅ ትላለች። አዲስ ክር መግዛት የግድ አይደለም፤ ከሌላ ሥራ የተረፈ ትንሽ ጥቅል ይበቃል። መቀስና ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌም አጠገባችሁ ይኑር።

ክሩን በግራ እጃችሁ ትንሿ ጣት ላይ አንዴ ጠምጥሙት፣ በሁለቱ መሐል ጣቶች ሥር አሳልፉት፣ ከዚያ በሌባ ጣት ላይ አውጡት። ክሩ እንዲጠብቅ ወይም እንዲላላ የምታደርገው ትንሿ ጣት ናት። ጀማሪ ሁሉ ክሩን አንቆ ይይዛል። ያኔ እያንዳንዱ ዓይን ኪሮሹ ላይ ይጣበቃል፣ ለሚቀጥለው ማስገቢያ ይጠፋል፣ ትከሻም ያማል። ላላ አድርጉት። ዓይኑ ኪሮሹ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ ልክ ነው። ግራኝ የሆነ ሰው ሁሉን በተቃራኒው ይያዝ፤ ዙሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል እንጂ ቢራቢሮዋ ያው ናት።

በቋጠሮ ጀምሩና 6 ሰንሰለት ሥሩ። ሰንሰለት ማለት ክሩን በኪሮሹ አፍ ይዞ፣ ኪሮሹ ላይ ባለው ዓይን ውስጥ ማሳለፍ ነው። ስድስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አያይዙት፤ ኪሮሹን የመጀመሪያው ሰንሰለት ውስጥ አስገብታችሁ፣ ክር ይዛችሁ ኪሮሹ ላይ ባለው ሁሉ አንዴ ማሳለፍ ነው። ቀለበት ሆነ። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል።

አሁን 3 ሰንሰለት ወደ ላይ ሥሩ። ይህ የመጀመሪያው ዘንግ ተብሎ ይቆጠራል። ዘንግ የምለው ረጅሙን ነው። ክሩን አንዴ በኪሮሹ ላይ ታዞራላችሁ፣ ኪሮሹን ቀለበቱ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ክር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ኪሮሹ ላይ ሦስት ዓይን ይኖራል። ክር ይዛችሁ በሁለቱ ታሳልፋላችሁ፤ ደግሞ ክር ይዛችሁ በቀሩት ሁለት ታሳልፋላችሁ። አለቀ። ይህን አንዴ የያዘ እጅ አይረሳውም።

ከሦስቱ ሰንሰለት አጠገብ አንድ ዘንግ ጨምሩ፤ ጥንድ ሆኑ። 2 ሰንሰለት ሥሩ። ሁለት ዘንግ፣ 2 ሰንሰለት፤ ሁለት ዘንግ፣ 2 ሰንሰለት፤ እንዲህ እያላችሁ 8 ጥንድ እስኪሞላ ቀለበቱን ዙሩት። መጨረሻውን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰንሰለቶች አናት ጋር አያይዙ። በጥንዶቹ መሐል 8 መስኮቶች አሏችሁ። ቁጠሯቸው። ሰባት ወይም ዘጠኝ ከሆነ አሁኑኑ ፍቱት፤ በኋላ ሲታጠፍ ክንፎቹ እኩል አይመጡም።

ሁለተኛው ዙር ክንፉን የሚያወጣው ነው። ክሩን ሳትቆርጡ ወደ መጀመሪያው መስኮት ተሻገሩ። እዚያ መስኮት ውስጥ 7 ዘንግ አስገቡ (የመጀመሪያው 3 ሰንሰለት ነው፣ የቀሩት 6 ዘንጎች ናቸው)። ሰባቱ በአንድ ቀዳዳ ስለሚታጨቁ ወደ ውጭ ተዘርግተው የአበባ ቅጠል ይሠራሉ። ቀጥሎ ያለው ጥንድ መሐል ላይ፣ በሁለቱ ዘንጎች መካከል፣ አንድ አጭር ጥልፍ አስገቡ፤ ኪሮሹን አስገብቶ ክር ማውጣትና ክር ይዞ በሁለቱም ዓይን አንዴ ማሳለፍ ነው። ይህች አጭር ጥልፍ ቅጠሉን ወደ ታች ስባ ትይዘዋለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስኮት ሄዳችሁ 7 ዘንግ፣ ጥንዱ መሐል አጭር፣ እንደገና 7 ዘንግ። ስምንቱ መስኮት ሲሞላ ባለ ስምንት ቅጠል አበባ በእጃችሁ ላይ አለ። ክሩን ቁረጡ፣ ጫፉን በመርፌ ከጀርባ ደብቁት።

አሁን አበባው ቢራቢሮ ይሁን። ለሁለት እጠፉት፤ ግን እኩል ለእኩል አይሁን። የኋላው ግማሽ ከፊተኛው ትንሽ ተርፎ ይታይ። የታጠፈው ቀጥ ያለ ጎን ወደ ላይ ይሁን። አራት ቅጠል ከፊት፣ አራት ከኋላ ነው። ሌላ ቀለም ክር አንድ ክንድ ያህል ቁረጡና መሐሉ ላይ፣ ሁለት ቅጠል በቀኝ ሁለት በግራ እንዲቀር አድርጋችሁ፣ ከላይ ወደ ታች ደጋግማችሁ ጠምጥሙት። ጠበቅ አድርጉት። ልክ ክሩን ስትስቡት ቀጥ ያለው ጎን መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል፣ ሁለቱ የላይ ክንፎች ወደ ውጭ ይነሣሉ፣ ሁለቱ የታች ክንፎች ይሰበሰባሉ። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ሁሉ ፊታቸው የሚበራው እዚህች ቦታ ላይ ነው። ሁለቱን የክር ጫፎች ከላይ በኩል ቋጥሩና አንቴና አድርጓቸው። በየጫፉ አንድ ትንሽ ቋጠሮ ጨምሩ፣ የተረፈውን ቁረጡ። ትንሽ ዶቃ ጭንቅላቷ ላይ ብትሰፉም ያምራል።

ክንፉ ከተሽበሸበ አትደንግጡ። ይህ የሚሆነው በአንድ መስኮት ውስጥ ከሚገባው በላይ ዘንግ ሲታጨቅ ነው፤ ጠርዙ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና እንደ ጎመን ቅጠል ይሽበሸባል። ዘንጉን ከ7 ወደ 6 ቀንሱት፣ ወይም ኪሮሹን አነስ ባለ ቁጥር ቀይሩት። በተቃራኒው አበባው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎድጓዳ ከሆነ ጥልፉ አንሷል ወይም እጃችሁ በጣም ጠብቋል። ይህን መሽብሸብ ግን አትናቁት። ዳይና ታይሚና የተባለች ላትቪያዊት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለች፣ በየረድፉ ጥልፉን በቋሚ ልክ እየጨመረች በኪሮሽ ሠርታ፣ ሒሳበኞች በወረቀት ለማሳየት ሲቸገሩበት የኖሩትን ሃይፐርቦሊክ የሚሉትን፣ እንደ ጎመን ቅጠል እየተሽበሸበ የሚሰፋውን ገጽታ ተማሪዎቿ በእጃቸው እንዲዳስሱት አድርጋለች። ልጆቻችን ኪሮሽ ሲይዙ ጂኦሜትሪም እየተማሩ ነው። መምህራን ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ቢራቢሮዋ ውስጥ እኮ ማባዛት አለ፣ ስምንት ጊዜ ሰባት አለ፣ ግማሽና ሩብ አለ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም፣ የየሰው ምርጫ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልምከር። ከስልክ ላይ ከመቅዳታችሁ በፊት ግቢያችሁን እዩ። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ቆሞ አደይ ሲፈነዳ ቢራቢሮ ሞልቷል። ክንፉ ብርቱካንማ፣ ጠርዙ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንድ አለ። ሎሚና ብርቱካን ዛፍ ያለበት ግቢ ደግሞ ጥቁር ላይ ብጫ ጣል ጣል ያለበትን ትልቁን ታገኛላችሁ፤ ትሉ የሚያድገው የዛፉን ቅጠል እየበላ ነው። የመጀመሪያውን ለመሥራት ከፈለጋችሁ ሁለቱን ዙር በብርቱካንማ ክር ጨርሱና ከማጠፋችሁ በፊት ጠርዙን በጥቁር ክር በአጭር ጥልፍ አንዴ ዙሩት። ነጩን ነጠብጣብ በመርፌ ጣል ጣል አድርጉበት። ከሐበሻ ቀሚስ ጥለት የተረፈ ባለወርቅ ክር ካለም መሐሏን ጠምጥሙበት፤ ትደምቃለች።

ክንፉ እንዲቆም ማጠንከር ያስፈልጋል። እናቶቻችን በስኳር ውሃ ነክረው ያደርቁት ነበር፤ ቀጥ ይላል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፣ እርጥበት ሲነካውም ይለሰልሳል። እኔ ነጭ ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጬ እነክርበታለሁ። ጭምቅ አድርጋችሁ፣ በፌስታል በተሸፈነ ካርቶን ወይም ስፖንጅ ላይ ዘርግታችሁ፣ የእያንዳንዱን ቅጠል ጫፍ በስፒል ውጉትና እስኪደርቅ ተዉት። ፌስታሉን አትርሱ፣ ያለበለዚያ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የጥጥ ክር ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መተኮስም ይቻላል። አክሪሊክ ክር ላይ ግን ካውያ አታሳርፉ፤ ሙቀቱ ክሩን ልፍስፍስ ያደርገዋል፣ አይመለስም።

ምን ላይ ትውላለች ካላችሁ የፀጉር ማስያዣ ላይ፣ መጋረጃ ላይ፣ ቁልፍ መያዣ ላይ፣ የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ። ልጅ ሹራቡን ክርኑ ላይ ከቀደደው ቀዳዳው ላይ ስፏት፤ ልጁ ያቺን ሹራብ ከሌላው አብልጦ ይወዳታል። ለሕፃን አልጋ ግን ዶቃና ረጅም አንቴና ያላትን አትስቀሉ፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ደግሞ ለአንባቢም ለእናንተም ነው።

ባዛር ላይ ቆሜ የሰማሁትን ልናገር። "ይቺን ለምታህል ክር ይህን ያህል ብር?" ይባላል። ሻጯ ልጅ አንገቷን ትደፋለች፣ ትቀንሳለች። ሰው ሆን ብሎ አይመስለኝም፤ ፋብሪካ የሠራው መስሎት ነው። የሹራብ ማሽን እኮ ድሮ ነው የተፈለሰፈው፣ ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1589 ሠርቶታል። ጥልፍም፣ ዳንቴል የሚመስል ጨርቅም በማሽን ይወጣል። የእጅ ኪሮሽን ግን እስከ ዛሬ ፋብሪካ አይሠራውም። ኪሮሹ በየጥልፉ አቅጣጫ ይቀይራል፣ የሚገባበትን ቀዳዳ ይመርጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን ለገበያ በሚሆን ፍጥነት የሚያደርግ ማሽን የለም። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የምታዩት ኪሮሽ መሳይ ልብስ ወይ በሹራብ ማሽን የተሠራ ማስመሰያ ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቦታ ያለች ሴት በትንሽ ክፍያ በእጇ የሠራችው ነው። ስለዚህ በኪሮሽ የተሠራች ቢራቢሮ ካያችሁ፣ የትም አገር ትሠራ፣ የሰው እጅ አለባት። እባካችሁ የልጆቹን ዋጋ አታውርዱ። ክሩን ብቻ ሳይሆን የተቀመጡበትን ሰዓት አስቡ። አንድ ጊዜ ራሳችሁ ሥሯት፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ የምትከራከሩ አይመስለኝም።

ለዚህም ነው ዓምዱ ለማይሠራውም ሰው ይጠቅማል የምለው። የሚገዛው ሰው ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፣ የምትሸጠውም ልጅ ሥራዋ ይከበርላታል።

እንግዲህ ዓምዱን ከከፈታችሁ አንዳንድ ነገር ልለምን። ፊደሉ ተለቅ ይበል፤ ኪሮሽ የሚሠሩ ብዙ እናቶች ዓይናቸው ደክሟል። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ አይዘዋወር፣ ተቆርጦ ሊቀመጥ ነውና ከጀርባውም ማስታወቂያ ይሁን እንጂ ሌላ የሚፈለግ ጽሑፍ አይሁን። ከጽሑፉ ጎን በምልክት የተሣለ ንድፍ ይግባ። ኪሮሽ ዓለም አቀፍ ምልክቶች አሉት፤ ሰንሰለቱ ትንሽ ሞላላ ክብ ነው፣ አጭሩ መስቀል ነው፣ ዘንጉ ራሱ ላይ አግድም ያለው ቋሚ መሥመር ሆኖ ወገቡ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት አለበት። የጃፓን የኪሮሽ መጽሔቶች በእነዚህ ምልክቶች ስለሚሣሉ ጃፓንኛ የማታነብ ሴት ሥዕሉን ብቻ እያየች ትሠራለች። ማንበብ ያልተማሩ እናቶቻችንም በዚህ መንገድ ዓምዱን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ምልክቶቹን አንዴ ልጃቸው ካስረዳቻቸው ይበቃል።

አንባቢዎችም የየቤታቸውን ይላኩ። ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐረር፣ ጅማ ያሉ እናቶች ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ዳንቴላቸውን ፎቶ አንሥተው፣ እንዴት እንደጀመሩት ለልጃቸው እየነገሩ ያጽፉ። ውጭ አገር ያሉትም ጋዜጣችሁን በስልካቸው ስለሚያነቡ ከእናታቸው የተማሩትን ይላኩልን። አጻጻፉን ማስተካከል ካስቸገራችሁ እኔ በነፃ አግዛለሁ፤ እየሠራሁ አረጋግጬ፣ ቁጥሩ ልክ መሆኑን አይቼ እመልስላችኋለሁ። ስህተት ያለበት ቁጥር ከታተመ ስንት ሰው ክር ያበላሻል፣ ስለዚህ ሳይሠራ የሚታተም አይኑር።

ፖስታው ውስጥ በእርሳስ የሣልኩት ንድፍና አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ አሉ። ፎቶ አንሥታችሁ ከጽሑፉ ጋር አውጧት፤ መመለስ አያስፈልጋትም። ለሚቀጥለው ወር ባለዶቃውን የጆግ መክደኛ አዘጋጃለሁ፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሕፃናት የሚያደርጉትን ጫማ። መልሳችሁን በአንባቢያን ገጽ ላይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ